መሮው ለምን ይነክሳል? የቶርኖ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም ስለ ረከቦት እግር ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከጀማሪዎች ናቸው። ደስ ብሎኛል። አባቴ መርካቶ ውስጥ የእንጨት ቶርኖ፣ እንጨት እየዞረ በመሮ የሚቀረጽበት ማሽን፣ ያለበት ቤት ነበረው፤ የአልጋ እግር፣ የደረጃ ድጋፍ፣ የወንበር ጀርባ ሲያዞር ነው ያደግሁት። በዚያ ዘመን ጀማሪ ጥያቄ አይጠይቅም፣ ሰጋቱራ እየጠረገ ዓይኑን ተክሎ ያያል እንጂ። እናንተ መጠየቃችሁ ብዙ ዓመት ያተርፍላችኋል። አምስቱን መርጬ እመልሳለሁ፤ የቀሩት ስለ ማሽን ዋጋ የጠየቃችሁ ናችሁ፣ ዋጋ ዛሬ ጽፌ ነገ ይለወጣልና ተውኩት።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ አናጢ ነኝ። ሥራውን ካቆመ ሰው አሮጌ የእንጨት ቶርኖ በብድር ገዛሁ፤ መሮ ግን አብሮት የለም። ሱቅ ስጠይቅ ስምንት መሮ ያለበት ሳጥን አሳዩኝ፣ ዋጋው ማሽኑን ሊያህል ምንም አልቀረው። ጓደኛዬ ‹አሮጌ ሞረድ አስለህ ሥራበት፣ ብረቱ ጠንካራ ነው› ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

ጓደኛህን አትስማው። ይህን ነገር ሳላስረዝም አላልፈውም፤ ቤታችን የደረሰ ነውና።

የሞረድ ብረት ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው ግን የብርጭቆ ነው። ካርቦን የበዛበት ሆኖ ጥርሱ እንዳይጠፋ እስከ መጨረሻው ደርቋል፣ ስለዚህ ሳይታጠፍ ይሰበራል። ሞርሳ ላይ የታሰረን ብረት ስትሞርድበት ምንም አይሆንም። ቶርኖ ላይ ግን መሮው ከሚደገፍበት የብረት ማረፊያ ወጣ ብሎ አየር ላይ ነው የሚሠራው፣ እንጨቱ ደግሞ በሰከንድ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ይዞራል። አባቴ ቤት አንድ ሠራተኛ ከሞረድ በሠራው መሮ የወይራ ጉጥ ነካ። የሰማነው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። የተሰበረው ቁራጭ የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። አባቴ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሞረድ ሁሉ ለቅሞ፣ እጀታቸውን ነቅሎ ለየብቻ አስቀመጠ። ያን ቀን ማንም ሥራ አልሠራም። ቀዳዳው እስከ ክረምት ሳይደፈን ቆየ፤ ሆን ብሎ ይመስለኛል የተወው።

ስምንቱንም ተወው። ሦስት ይበቃሃል። አንደኛው ሰፊ ጎድጓዳ መሮ ነው፣ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፤ አራት ማዕዘኑን እንጨት ክብ የሚያደርግልህ እሱ ነው። ሁለተኛው ጫፉ እንደ ጣት ጥፍር የተሞረደ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ጎድጓዳ መሮ ነው፤ ጉብታውንና ሸለቆውን የምታወጣበት። ሦስተኛው መቁረጫው ነው፣ ልኬት የምትይዝበት ቀጭኑ። ሰያፉን መሮ ለሦስት ወር አትንካው። ሲዋጣለት እንደ መላጊያ ልስልስ አድርጎ ይሄዳል፣ ጀማሪን ግን ያስለቅሳል። አንድ ነገር በደንብ ያዝ፦ ያን ሰፊውን መሮ ሳህን ወይም ገበቴ ላይ እንዳትሞክረው። እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራው ቀጭን ነው፣ የሳህን እንጨት በያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ በተቆረጠው የጅማቱ ጫፍ ይመታዋል፣ ይሰበራል። ሳህን የሚሠራበት መሮ ከወፍራም ዘንግ የተፈለፈለ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሲደርስ ትገዛዋለህ።

ጎድጓዳዎቹን ከሃይ ስፒድ ብረት የተሠሩትን ግዛ፤ ሲሞቁ ስለታቸው ቶሎ አይሞትም። መቁረጫውን ግን ራስህ ሥራ። ምን አለሽ ተራ ወርደህ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ፈልግ። ባሌስትራ የሚታጠፍ ብረት ስለሆነ እንደ ሞረድ አይከዳም። ቅርጹን ካወጣህ በኋላ ጫፉን ማግኔት እስከማይዘው ድረስ በከሰል አግለህ ዘይት ውስጥ ንከረው፤ ከዚያ አጽድተህ ቀስ ብለህ አሙቀው፣ የገለባ ቀለም ሲይዝ አቁም። ስትስለው ሰማያዊ ከሆነብህ ስለቱ ሞቷል ማለት ነው፤ ያን ያህል ሞርደህ ጣለው። ስለዚህ ባሌስትራውን እየሳልክ ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ንከር። የሃይ ስፒዱን ግን ሲግል ውኃ ውስጥ አትክተተው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል። ዝም ብለህ አየር ላይ አቀዝቅዘው።

ስለ መሳል አንድ ዘዴ ልንገርህ። ከስለቱ በስተኋላ ያለውን ተዳፋት በማርከር ጥቁር ቀባው። መሳያውን ድንጋይ ሳታበራ በእጅህ እያዞርክ መሮውን አስነካው። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ እጀታውን ከፍ አድርገሃል፤ ከታች ብቻ ከለቀቀ ዝቅ አድርገሃል። ከላይ እስከ ታች እኩል ሲለቅ ያን ጊዜ አብራው። እኔ ዛሬም እንዲሁ ነው የማደርገው። ጀማሪ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው ቢስል አያፍርበት። ከመሮው ረጅም ፍቅፋቂ መውጣቱ ቀርቶ ዱቄት መውጣት ሲጀምር «ሳለኝ» እያለህ ነው።

«ይድረስ ለቶርኖ ዓምድ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ዕድሜዬን ታክሲ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ልጆቼ ‹ሥራ ፈትተህ እንዳትታመም› ብለው ትንሽ ቶርኖ ገዙልኝ። ችግሬ መሮው እንጨቱን ገና ሲነካ ‹ጧ!› ብሎ ይነክሳል፣ እንጨቱ ይቦደሳል፣ አንዴም ከማሽኑ ተፈናጥሮ ግድግዳ መታ። አሁን ማሽኑን ሳበራ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሌላው፣ በመጪው ዓመት ጠቅልዬ ባሕር ዳር ልገባ ነው። ይዤው ልምጣ?»

ጋሼ፣ እጅዎ መንቀጥቀጡ አእምሮዎ እየሠራ ነው ማለት ነው። ያላስፈራው ሰው ነው የሚያሳስበኝ።

መሮ የሚነክሰው በኃይል ስለያዙት ወይም ስላልያዙት አይደለም። ስለቱ ከሥሩ ደገፋ ሳይኖረው እንጨቱን ሲያገኘው ነው። ቅድም ለአዳማው ልጅ ያነሳሁትን ተዳፋት አባቴ «ተረከዙ» ይለው ነበር። መሮ በተረከዙ ይረግጣል፣ በጣቱ ይቆርጣል። ተረከዙን ሳያሳርፉ በጣቱ ከገቡ እንጨቱ ስለቱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፣ ጎትቶም ሊለቀው አይችልም፤ «ጧ» የሚለው ያ ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉት። ክብ የሆነ እንጨት ይሰኩበት፣ ማረፊያውን ከእንጨቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ያስጠጉት። ጎድጓዳውን መሮ መጀመሪያ ማረፊያው ላይ ያኑሩ፤ እንጨቱን ከመንካትዎ በፊት ማረፊያውን መንካት አለበት። እጀታውን ወደ ጭንዎ ዝቅ ያድርጉት፣ ተረከዙ ብቻ እንጨቱ ላይ ይረፍ። አሁን በግራ እጅዎ እንጨቱን ወደ ራስዎ ያዙሩት። ምንም አይቆረጥም፣ ተረከዙ እያሸ ይንሸራተታል። እጀታውን በጣም በዝግታ ከፍ ያድርጉ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀጭን፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ ፍቅፋቂ ብቅ ይላል። እዚያ ያቁሙ፤ ያችን ቦታ ክንድዎ ይወቃት። ሃምሳ ጊዜ ይድገሙት። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ በ1978 ዓ.ም.፣ አባቴ ሞተር ሳያስነሳልኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ በእጄ አስዞረኝ። ጠልቼው ነበር፤ አሁን ግን የማስተምረው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ከዚህ ሌላ መነከስ የሚመጣው አቀበት ከመቁረጥ ነው። ሁለት ጫፉ የታሰረ እንጨት ላይ ሁልጊዜ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ፣ ቁልቁል ይሂዱ። ሸለቆ ሲያወጡ ከግራ ወርደው ታች ላይ ያቁሙ፣ ከዚያ ከቀኝ ይውረዱ፤ ወደ ማዶ አይሻገሩ። የመሮው ጉድጓድ ደግሞ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ጋደል ብሎ ይይ። ዳገት ላይ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ካየ ይነክስዎታል። ዓይንዎን ከመሮው ጫፍ ላይ ያንሱ፤ የሚቆረጠውን ቅርጽ የሚያሳየው የእንጨቱ የላይኛው ጠርዝ ነው። መንገድ ላይ ሲነዱ ኮፈኑን እያዩ ነበር እንዴ የሚነዱት?

ፍጥነቱንም ይመልከቱ። እኔ 15,000ን ለእንጨቱ ስፋት በሴንቲ ሜትር አካፍላለሁ፦ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በደቂቃ 1,500 ዙር፣ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 600። ገና ክብ ላልሆነ እንጨት ከዚያ ግማሹ። ተፈናጥሮ ግድግዳ የመታው እንጨት፣ ሳልጠይቅዎ ልገምት፣ ገና አራት ማዕዘን ነበር፣ ማሽኑም የቀድሞው ፍጥነት ላይ ነበር የተነሣው። ሁልጊዜ ከማብራትዎ በፊት ፍጥነቱን ዝቅ ያድርጉ፣ እንጨቱን በእጅ አንድ ዙር አዙረው ማረፊያውን እንደማይነካ ይዩ፣ ሲያበሩም ከእንጨቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቁሙ።

እዚያ ሳሉ ደግሞ ሰው ያግኙ። በ1986 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የእንጨት ቶርኖ ሠሪዎች ማኅበር በየግዛቱ ቅርንጫፎች አሉት። ከአንድ ሽማግሌ ጎን ቆመው የሚሰሙት የመሮ ድምፅ እኔ ከምጽፈው አሥር ገጽ ይበልጣል። በደንብ ሲቆርጥ «ሽሽሽ» ይላል፤ ሲፍቅ ይንጫጫል።

ወደ ባሕር ዳር ስለማምጣቱ፦ እዚያ መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ እኛ ዘንድ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጥልዎታል፣ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ሞተሩ ተራ ኢንዳክሽን ሞተር ከሆነ ከስድስት እጅ አምስቱን ያህል ብቻ ይዞራል፣ ይበልጥም ይግላል። ማሽኑ በቁልፍ ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ከሆነ መቆጣጠሪያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ 220 እቀበላለሁ ካላለ እዚያው ይሽጡት። መሮዎቹን፣ እንጨቱን የሚይዘውን ባለ አራት መንጋጋ ማሰሪያና የፊት መሸፈኛውን ግን አንዱንም ትተው እንዳይመጡ። እዚህ የሚቸግረን ማሽኑ ሳይሆን እነሱ ናቸው። ማሰሪያው ማሽኑ ላይ የሚጠመዘዝበትን የብሎን ጥርስ ልክ ግን ጽፈው ይያዙ፤ እዚህ የሚገዙት ማሽን ጥርሱ ላይገጥም ይችላልና ቶርኖ ቤት መጋጠሚያ ማስቆረጥ ይኖርብዎታል።

«ጅማ አካባቢ ቡና አለን። ለጥላ የነበረ ትልቅ ዋንዛ በነፋስ ወደቀና ባለቤቴ ‹ለማገዶ አይሆንም› ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። እየቆረጥኩ ስድስት ሳህን ሠራሁበት፤ አምሮብኝ ነበር። በሳምንቱ አምስቱ ተሰነጠቁ። ኃጢአቴ ምንድን ነው? ደግሞስ በምን ልቀባቸው?»

እህቴ፣ ዋንዛ ተገኝቶ ኃጢአት የለም። ጥድፊያ ነው።

ርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ የሚሸበሸበው ግን በየአቅጣጫው እኩል አይደለም። በዙሪያው የሚቀንሰው ከዳር ወደ መሐል ከሚቀንሰው በግምት እጥፍ ነው። ስለዚህ ግንዱን እንደ ዳቦ ቆርጠሽ ክቡን ሳህን ካደረግሽው፣ መሐሉ ላይ ያለው መቅኔ አብሮ ስላለ፣ የግድ አንድ ቦታ መሰንጠቅ አለበት፤ ሌላ መውጫ የለውም። ያልተሰነጠቀችውን ስድስተኛዋን ሳህን ገልብጠሽ እይ፤ መቅኔው የሌለባት ትመስለኛለች።

የቀረሽን ግንድ ስፋቱን ያህል አድርገሽ ቁረጪ፣ ከዚያ በመቅኔው ላይ ለሁለት ፍለጪው። እያንዳንዱ ግማሽ አንድ ሳህን ነው። ርጥብ እያለ ወፍራም አድርገሽ አዙሪው፤ ግድግዳው ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ይሁን፣ 25 ሴንቲ ሜትር ለሆነው ሁለት ተኩል። ሁለቱን የጫፍ ፊቶች፣ ጅማቱ ተቆርጦ ቀዳዳው የሚታይበትን፣ በቀለጠ ሰም ቀቢ፤ ውኃው በዚያ በኩል ነው ሮጦ የሚወጣው። ከዚያ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር በወረቀት ከረጢት ከተሽ ከነፋስ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ፕላስቲክ ያሻግተዋል። ከበታቹ ቀኑንና ክብደቱን በእርሳስ ጻፊ፤ በየወሩ ሚዛን ላይ አውጪው። ሁለት ሦስት ወር ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። እኔ ዘንድ ከአራት ወር ፈጥኖ የደረቀ የለም፤ የእናንተ አገር ደግሞ ርጥበቱ ይበዛል። ሲወጣ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ወፍራም ያደረግነው ለዚሁ ነው፣ እንደገና ክብ ታደርጊዋለሽ።

ለመቀቢያ የተልባ ዘይትና የማር ሰም። አራት እጅ ዘይት፣ አንድ እጅ ሰም፣ ሁለቱን በሚፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ድስት ውስጥ አቅልጪ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይሁን። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ይደርቃል። ወጥ ቤት ያለውን የሚረጋ የፓልም ዘይት የቀባ ሰው ግን ሳህኑ ሳይደርቅ ቆይቶ ይሸተዋል። ተልባ የነካ ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ አትወርውሪ! ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያግላል፣ ከተጠቀለለ እሳት ይነሣበታል። ዘርግተሽ ደጅ አስጪው፣ ወይም ውኃ ውስጥ ክተቺው።

በነገራችን ላይ፣ ቡናችሁን ስትጎነድሉ የሚወጣውን ግንድ አትጣሉ። ጥቃቅን ነው ግን ጠጣር፣ ጅማቱ ደቃቅ፤ ለመሮ እጀታና ለቁልፍ መያዣ ከዚያ የተሻለ አላየሁም። ጥቂት ብትልኪልኝ አልጠላም።

«ደብረ ብርሃን ነኝ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጓንት አድርጌ ብሠራስ?»

አይሆንም። 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳህን በደቂቃ 1,000 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጓንቱን ከያዘ ጣትህን አይለይልህም። ነጠላ፣ ፎጣ፣ ቀለበት፣ የተንዠረገገ እጅጌም እንዲሁ። ጋቢህን በር ላይ ስቀለው። ከሰል አያይዘህ በሩን ከፍተህ ክፍሉን አሙቅ፣ ፍቅፋቂውን ግን ከከሰሉ አርቀህ ጥረግ።

«የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ አባቷ አናጢ ነው። ቶርኖው ሥር ቆማ አትጠግብም። ‹ጊዜው አይደለም› እላታለሁ፣ እሷ ግን አልሰማ አለች። ሐዋሳ።»

ጊዜው ነው። እናቷ በመሆንሽ ግን መጀመሪያ ሁለት ነገር ግዢላት፦ ፊት የሚሸፍን መከላከያና ጥሩ የአፍ መሸፈኛ። የእንጨት ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በብርጭቆ ወረቀት የምታለሰልስበት ሰዓት ነው ብናኙ የሚበዛው፤ ያን ጊዜ በርና መስኮት ይከፈት። ጸጉሯን ሹሩባ አሠርተሽ በሻሽ አስገቢላት። ማሽኑን የሚያበራውና የሚያጠፋው ደግሞ፣ እሷ ብቻዋን መሆን እስክትችል፣ አባቷ ይሁን።

የመጀመሪያ ሥራዋ እንዝርት ይሁን። ደረቅ ግራቪሊያ ወይም ዝግባ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል በሁለት ተኩል ሆኖ ቁመቱ ሠላሳ። ትንሽ ስለሆነ አያስፈራም፤ ቀጭን ስለሆነ ደግሞ በጉልበት የያዘችው እንደሆነ ይርገበገብና እጇን ማላላት ያስተምራታል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ይሰበሩ። ስድስተኛውን አያቷ ይፍተሉበት፤ ጠማማ ከሆነ እንዝርቱ ራሱ እየዘለለ ይነግራታል፣ ማንም ሊነቅፋት አያስፈልግም።

ቁመቷንም ለኪ። የማሽኑ መሐል ክርኗ ላይ መድረስ አለበት። ከፍ ካለባት ትከሻዋን ሰቅላ ትሠራለች፣ ይደክማታል፣ የደከመን ሰው መሮ ይነክሰዋል። አባቴ እኔን የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ነበር የሚያቆመኝ። እንዳይንሸራተት ከሳጥኑ ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቸንክሮበት ነበር፤ እናንተም ቸንክሩበት።